የባሕር ጠረፍ የሌለው አገር መልክዓ ምድርና የተፈጥሮ ሀብት፦ ስለ ስያሜዎች አመራረጥ

1. መነሻ

የአንድን አገር መልክዓ ምድርና የተፈጥሮ ሀብት ለመግለጥ የምንገለገልባቸው ቃላት ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው። አንደኛው ወገን ገበሬው፣ ከብት አርቢውና ሲራራ ነጋዴው በምድሪቱ ላይ ሲኖሩና ሲመላለሱ ያወጧቸው ስያሜዎች ናቸው፤ ደጋ፣ ቆላ፣ አምባ፣ ሸንተረር፣ ዋልካ የሚሉት ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ወገን በመማሪያ መጻሕፍት፣ በውል ሰነዶችና በጥናት ዘገባዎች አማካይነት የውጭ ቋንቋ ጽንሰ ሐሳቦችን ለመተርጐም ሲባል የተፈጠሩ ወይም አዲስ ፍች የተሰጣቸው ናቸው፤ ስምጥ ሸለቆ፣ ተፋሰስ፣ እምቅ ኃይል የሚሉት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻቸው ሲሠሩ እምብዛም ችግር አይፈጥሩም። ችግሩ የሚነሣው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጐን ለጐን ሲሰለፉና ተርጓሚው አንዱን የሌላው ትክክለኛ አቻ አድርጎ ሲወስድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የባሕር ጠረፍ የሌለውን አገር መልክዓ ምድርና ሀብት የሚመለከቱ ጥቂት ዋና ዋና ስያሜዎችን መርምሮ፣ የትኞቹ ጽንሰ ሐሳባቸውን በትክክል እንደሚይዙና የትኞቹ እንደሚያሳስቱ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደችው ኢትዮጵያ ናት። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከተደረገው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የባሕር ጠረፍ ከሌላቸው አገሮች ተርታ የገባች ሲሆን፣ ከእነዚሁ አገሮች መካከል በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ናት።

የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በድምፁ ማማር ወይም በአጭርነቱ ብቻ አይደለም። ስያሜው በገባበት ስፍራ ፍቹን ብንተካ ዓረፍተ ነገሩ ሳይፋለስ መቆም አለበት። ይህን መለኪያ ከዚህ በታች «የመተካት ፈተና» እንለዋለን።

2. ወደብ፣ በርና ጠረፍ

በእንግሊዝኛ «ላንድሎክድ» የሚባለውን ለመግለጥ በጋዜጣም ሆነ በጽሕፈት ቤት ሰነድ የሚዘወተሩት ስያሜዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም «ወደብ አልባ»፣ «ባሕር አልባ» እና «የባሕር በር የሌለው» የሚሉት ናቸው። ሦስቱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን እንጂ የሚይዙት ፍሬ ነገር አንድ አይደለም።

የጽንሰ ሐሳቡ ሕጋዊ ፍች የሚገኘው በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982) በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ውስጥ ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 124 በዚህ ስም የሚጠራው መንግሥት የባሕር ጠረፍ የሌለው መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። ፍቹ ስለ ወደብ አያነሣም፤ ስለ መተላለፊያም አያነሣም። መለያ ምልክቱ ጠረፍ ብቻ ነው።

ከዚህ አንጻር «ወደብ አልባ» የመተካት ፈተናውን አያልፍም። ወደብ ሰው ሠርቶ የሚያቆመው ነገር ነው፤ ጠረፍ ግን የአገሩ ወሰን ከባሕር የሚገናኝበት የተፈጥሮ መስመር ነው። ጠረፍ ኖሮት ወደብ ያልተሠራበት ዳርቻ ሊኖር እንደሚችል ሁሉ፣ ጠረፍ የሌለው አገርም ወደብ ሊኖረው ይችላል። የስዊዘርላንዷ ባዝል በራይን ወንዝ፣ የፓራጓይዋ አሱንሲዮን በፓራጓይ ወንዝ ላይ ወደብ አላቸው፤ ሁለቱም አገሮች ግን የባሕር ጠረፍ የላቸውም። በአገራችንም ቢሆን በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መነሻነት በባሮ ወንዝ ላይ የተቋቋመው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በክረምት ወራት ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱበት ወደብ ሆኖ አገልግሏል። በዚያን ጊዜ የቀይ ባሕር ጠረፍ በጣልያን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረ አገሪቱ ጠረፍ አልነበራትም፤ ወደብ ግን ነበራት። ዛሬም የሞጆ ደረቅ ወደብ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በወደብነት ይጠራል።

«ባሕር አልባ» የሚለው የሚሰናከለው በሌላ ምክንያት ነው። በአማርኛ «ባሕር» የሚለው ቃል ጨዋማውንና ሰፊውን ውኃ ብቻ ሳይሆን ትልቅ ሐይቅንም ሲያመለክት ኖሯል። በጣና ዳር የተቆረቆረችው ከተማ ባሕር ዳር መባሏ ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። በሌላ በኩል ካዛኪስታን፣ ቱርክሜኒስታንና አዘርባጃን በስሙ «ባሕር» በሚባለው በካስፒያን ዳር ቢገኙም፣ ካስፒያን ከውቅያኖስ ጋር ስለማይገናኝ ጠረፍ ከሌላቸው አገሮች ይቆጠራሉ። «ባሕር አልባ» ካልናቸው ዓይን የሚያየውን ባሕር መካድ ይሆንብናል።

እዚህ ላይ «ሐይቅ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ቃሉ በግእዝ የባሕር ወይም የወንዝ ዳርቻ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ፍቹ ከዳርቻው ወደ ውኃው ተሻግሮ በየብስ የተከበበ የውኃ አካል መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ ከግእዝ ሥር ስያሜ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው «ሐይቅ የሌለው» ቢል በግእዝ ትክክል ይሆናል፤ በዛሬው አማርኛ ግን ጣናን፣ አባያንና ሻላን ከካርታው እንደ መፋቅ ይቆጠርበታል። የጥንቱ ቋንቋ ለስያሜ ምንጭነት የሚመች ቢሆንም ቃሉ በሕያው ቋንቋ ውስጥ የት እንደ ደረሰ አስቀድሞ መመርመር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

«የባሕር በር የሌለው» የሚለው ከሦስቱ ይልቅ ለጆሮ የቀረበና ሥር የሰደደ ነው። «በር» በአማርኛ መልክዓ ምድር የራሱ ማዕረግ ያለው ቃል ነው፤ ጣርማ በር እንደሚባለው ሁሉ፣ በተራራ ሰንሰለት መካከል መንገድ የሚያልፍበትን ጠባብ ስፍራ ያመለክታል። የባሕር በር ማለትም በዚሁ ምሳሌ ወደ ባሕር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ማለት ነው። የሚገልጠው እንግዲህ ጠረፍን ሳይሆን መድረስን ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን መስሎ የሚታየው ሰው የስምምነቱን አንቀጽ 125 ለመተርጐም ይሞክር። አንቀጹ ጠረፍ የሌላቸው መንግሥታት ወደ ባሕር የመድረስና ከባሕር የመመለስ መብት፣ እንዲሁም በመተላለፊያ አገሮች ግዛት የማለፍ ነጻነት እንዳላቸው ይናገራል። ሁለቱንም ጽንሰ ሐሳቦች «የባሕር በር» ካልናቸው የምናገኘው ዓረፍተ ነገር «የባሕር በር የሌላቸው መንግሥታት የባሕር በር መብት አላቸው» የሚል ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው ወይ ሕጉ ራሱን ይቃረናል ይላል፣ ወይ ደግሞ መብቱ ጠረፍ የማግኘት መብት ነው ብሎ ይረዳል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ዋና መነጋገሪያ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ጉዳይ «ጠረፍ»፣ «ወደብ» እና «መዳረሻ» የሚሉት ቃላት እርስ በርስ ቢቀያየሩ የሚፋለሰው የቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም። ጠረፍ የግዛት ጉዳይ ነው፤ ወደብ የግንባታና የኪራይ ጉዳይ ነው፤ መዳረሻ የመተላለፍ መብት ጉዳይ ነው። በአንድ ቋንቋ ስለ ኪራይ የተጻፈው በሌላው ቋንቋ ስለ ግዛት ሆኖ ቢነበብ ጥፋቱ የሚጀምረው ከተርጓሚው ጠረጴዛ ነው።

ስለዚህ በሕግና በስምምነት ጽሑፎች «የባሕር ጠረፍ የሌለው»፣ በመልክዓ ምድር ጽሑፎች ደግሞ ዐጠር ባለ አነጋገር «በየብስ የተከበበ» የሚለው እንዲሠራበት እንመርጣለን። «ጠረፍ» ብቻውን የየብስ ወሰንንም ስለሚያመለክት «የባሕር» የሚለው ገላጭ ሊቀር አይገባውም። «በየብስ የተከበበ» ለእርባታ የሚመች መሆኑ ሌላው ጥቅሙ ነው፤ ሊክተንስታይንና ኡዝቤኪስታን የተከበቡት ራሳቸው ጠረፍ በሌላቸው አገሮች ስለሆነ «በድርብ በየብስ የተከበቡ» ሊባሉ ይችላሉ። «በድርብ ወደብ አልባ» ማለት ግን ትርጉም አይሰጥም።

ከዚህ ሌላ መዝገበ ቃላት አዘጋጂው ስያሜውን በየትኛው የሙያ ዘርፍ ሥር እንደሚመድብ ማሰብ ይኖርበታል። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ጠረፍ አገኘች፤ በ1985 ዓ.ም. ጠረፍ የሌላት ሆነች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራራዎቿና ወንዞቿ ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ይህም ስያሜው በዋነኛነት የሕግና የፖለቲካ መልክዓ ምድር እንጂ የተፈጥሮ መልክዓ ምድር ስያሜ አለመሆኑን ያስረዳል። የተፈጥሮው መልክ ምን እንደሚመስል ቀጥለን እንመለከታለን።

3. ከፍታን የሚገልጡ ስያሜዎች

ኢትዮጵያ በሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከራስ ዳሸን ጀምሮ ከባሕር በታች 120 ሜትር ያህል እስከሚወርደው የዳናኪል ረባዳ ድረስ የከፍታ ልዩነቷ እጅግ ሰፊ ነው። ይህን ከፍታ ለመለካት መነሻ የሚሆነውን መስመር አንዳንድ ጽሑፎች «የባሕር ወለል»፣ ሌሎች «የባሕር ጠለል» ይሉታል። ወለል የቤት መርገጫ፣ የዕቃ መቀመጫ፣ በጠቅላላው የታችኛው ገጽ ነው። «ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር» ሲባል ከውኃው ሥር ካለው መሬት ተነሥቶ እንደ መለካት ይሰማል። የጠለለ ውኃ ግን አተላው ወርዶ ላዩ የጠራና የረጋ ውኃ ስለሆነ «ጠለል» የላይኛውን የረጋ ገጽ ለማመልከት የተሻለ ነው። «የባሕር ወለል» የሚለው ለባሕር ሥረ መሬት ቢተው ሁለቱም ስያሜዎች ሥራ ያገኛሉ፤ አደናጋሪነታቸውም ይወገዳል።

የአየር ጠባይ ቀጠናዎችን በሚመለከት አማርኛ ከማንም ያልተበደረው ሥርዓት አለው። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉት ስያሜዎች ከፍታን፣ ሙቀትን፣ የዝናብን ሁኔታና የሚበቅለውን እህል በአንድነት ይዘዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ገበሬው ቀጠናውን የሚለየው በሜትር ሳይሆን በአዝመራው ነው፤ ማሽላ ቆላን፣ ጤፍ በተለይ ወይና ደጋን፣ ገብስ ደጋን ያመለክቱታል። በጥናት ላይ ከሚሠራባቸው አከፋፈሎች አንዱ ቆላን ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋን ከ1,500 እስከ 2,300፣ ደጋን ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር አድርጎ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል።

የትርጉም ችግር የሚመጣው «ሃይላንድ» እና «ሎውላንድ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት «ደጋ» እና «ቆላ» ተብለው ሲመለሱ ነው። በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የግብርና ጥናቶች «ሃይላንድ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው ምድር በሙሉ ነው። አንድ ምርጥ ዘር ለዚህ ምድር ይስማማል ተብሎ ቢጻፍና ተርጓሚው «ለደጋ ይስማማል» ብሎ ቢያስቀምጠው፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያርሰው የወይና ደጋ ገበሬ ዘሩ እንደማይመለከተው ቆጥሮ ይተወዋል። መልእክቱ ከታሰቡለት ሰዎች ለብዙዎቹ ሳይደርስ ይቀራል።

«ወይና ደጋ» የሚለው ስያሜ በአሠራሩ ራሱ አስተማሪ ነው። ገላጩ «ወይና»፣ ባለቤቱ «ደጋ» ስለሆነ ቃል በቃል ወይን የሚያበቅል የደጋ ዓይነት ማለት ይሆናል። «ደጋ» እንግዲህ ሰፊና ጠባብ ሁለት ፍች አለው፤ በሰፊው የቆላ ተቃራኒ፣ በጠባቡ ከወይና ደጋ በላይ ያለው ቀጠና ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ቅጥያ በቋንቋው ውስጥ አለ። «ደጋማ» እና «ቆላማ» የሚሉት ቅጽሎች ሰፊውን ፍች ያለ አደናጋሪነት ይይዛሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ደጋማ ምድር» ሲባል ወይና ደጋውም ደጋውም ውርጩም ይጠቃለላሉ፤ «ደጋ» ሲባል ግን ቀጠናው ብቻ ይታሰባል።

«በረሃ» የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ የሚሄድ መንገደኛ «የዓባይ በረሃ» ይለዋል፤ ይሁን እንጂ ስፍራው ዛፍና ሣር የለበሰ፣ በክረምት ዝናብ የሚያገኝ ነው። በረሃ ያሰኘው ሙቀቱና ዝቅታው እንጂ ድርቀቱ አይደለም። «ደዘርት» የሚባለው የሳይንስ ስያሜ ግን የሚፈታው በዝናብ ማነስ ነው። የሰሃራ በረሃ የሚለው አጠራር የጸና ስለሆነ ቃሉን መንጠቅ አይቻልም፤ በድርቀት የሚፈታውን ለይቶ መግለጥ ሲያስፈልግ ግን «ደረቅ በረሃ» ማለት ይበቃል። «በረሃማነት» የሚለውም ስያሜ በ1986 ዓ.ም. በጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ደረቅና ከፊል ደረቅ በሆኑ አካባቢዎች የሚደርሰውን የመሬት መራቆት የሚመለከት ነው። የአሸዋ መገስገስ ብቻ ተደርጎ እንዳይተረጐም በፍቹ ውስጥ መገለጥ ይኖርበታል።

4. የመሬት ቅርጽ

«ስምጥ ሸለቆ» ከትርጉም ስያሜዎች መካከል በጣም ከተሳካላቸው አንዱ ነው። ሸለቆ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። የዓባይ ሸለቆ ወንዙ ከፍተኛውን ምድር እየሸረሸረ የቆፈረው ነው። ከአፋር ተነሥቶ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻላ፣ በአዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅጣጫ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሸለቆ ግን የምድር ቅርፊት ግራና ቀኝ በመለያየቱ መካከሉ በስንጥቆች መሐል ስለ ሰጠመ የተፈጠረ ነው። «ስምጥ» የሚለው ቃል ይህን ሂደት በአንድ ቃል ይናገራል፤ አንባቢው የዓባይን ሸለቆ በዚህ ስም እንዳይጠራውም ይጠብቀዋል። ስያሜ ፍችን ሲሸከም እንዲህ ነው።

የተገላቢጦሹ ምሳሌ «አምባ» ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ድርብርብ ሆኖ የሰሜኑን ደጋማ ምድር ሸፍኖታል። ጠንካራው ንብርብር ሲቀር በዙሪያው ያለው ተሸርሽሮ ሲወርድ፣ ጫፉ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ይቆማል፤ መቅደላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዳንድ ትርጉሞች «ፕላቶ» የሚለውን «አምባ» ይሉታል። ፕላቶ ግን በብዙ ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካ ሰፊ ምድር ሲሆን፣ አምባ በአንድ ቀን የሚዞሩት ለብቻው የቆመ ቅርጽ ነው። ለሰፊው «ከፍተኛ ሜዳማ ምድር» ብሎ መተርጐም ይሻላል። አማርኛ ለልዩ ቅርጹ ያወጣው ቃል ለጠቅላላው ተላልፎ ከተሰጠ፣ ልዩው ነገር ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።

በአፈር ስያሜም ይኸው ይታያል። «ቨርቲሶል» የሚባለው፣ ሸክላው የበዛ፣ ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ በጥልቀት የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር በገበሬው ዘንድ እንደየአገሩ «ዋልካ» ወይም «መረሬ» ይባላል። ገበሬው የሚለይበት ምልክት፣ ማለትም በክረምት መጣበቁና በበጋ መሰነጣጠቁ፣ ሳይንሱ ከሚለይበት ምልክት ጋር ይገጥማል። እንዲህ ሲሆን ውሰት ቃል የሚያስፈልገው ለአፈር ሳይንስ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

5. የውኃ መንገድ

«ተፋሰስ» በዛሬው አማርኛ ሁለት በጣም የተራራቁ መጠኖችን ይሸፍናል። በአንድ በኩል በአገሪቱ የውኃ አስተዳደር ከሚቆጠሩት 12 ዋና ዋና ተፋሰሶች አንዱ የሆነው የዓባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ወደ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሌላ በኩል ገበሬዎች በበጋ ወራት እርከን የሚሠሩበት የአንድ ቀበሌ ተፋሰስ ጥቂት መቶ ሄክታር ነው። ሁለቱም ውኃቸውን ወደ አንድ መውጫ የሚያፈሱ ምድሮች ስለሆኑ ቃሉ አልተሳሳተም፤ የጐደለው ደረጃ ነው። ስለዚህ ዐቢይ ተፋሰስ፣ ንዑስ ተፋሰስና ደቂቅ ተፋሰስ ብሎ መለየት ይቻላል። «ወተርሼድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ምድሩን፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለየውን ከፍታ ስለሚያመለክት፣ ለሁለተኛው «ውኃ ከፋይ ሸንተረር» የሚለው ይስማማዋል።

«ገባር ወንዝ» ሊመሰገን የሚገባው ስያሜ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ገባርና ባለርስት የሚለውን ሥርዓት ቢያስቀርም፣ ወንዙ ዛሬም ውኃውን ለዋናው ወንዝ ይገብራል። የማኅበራዊው ፍች መጥፋት የመልክዓ ምድሩን ፍች አላናጋውም።

በየብስ በተከበበ አገር ውስጥ ከሚገኙ ወንዞች አንዳንዶቹ ራሳቸውም ወደ ባሕር አይደርሱም። አዋሽ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ ኦሞ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል። እንዲህ ያለው ተፋሰስ «ዝግ ተፋሰስ» ቢባል ፍቹ ግልጽ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ ለዚህም «ላንድሎክድ» የሚለውን ስለሚጠቀሙ፣ ተርጓሚው የአገርን ሕጋዊ ሁኔታ ከወንዝ ፍሰት መለየት አለበት። በየብስ የተከበበችው ኢትዮጵያ ዓባይን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ትልካለች፤ አዋሽ ግን አገሪቱ ጠረፍ በነበራትም ጊዜ ባሕር አያውቅም ነበር።

በድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ረገድ የአንድ ስያሜ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ላይ ታይቷል። ስምምነቱ በ2002 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። በድርድሩ ወቅት ሳይቋጭ የቀረው ዋናው ነጥብ በእንግሊዝኛ «ወተር ሰኩሪቲ» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ የያዘው ንዑስ አንቀጽ ነበር፤ ግብፅና ሱዳን በዚያ ላይ ነባር አጠቃቀምንና መብትን የሚጠብቅ አገላለጥ እንዲታከል ፈለጉ። ይህን «የውኃ ደኅንነት» ብለን ብንተረጕመው አንባቢው ስለ ንጹሕ መጠጥ ውኃ የሚነገር ይመስለዋል። ጉዳዩ ግን አንድ አገር ለኑሮውና ለምርቱ በቂ ውኃ እንደማይጐድልበት መተማመኛ ማግኘቱ ስለሆነ «የውኃ ዋስትና» የሚለው ይመረጣል። እንደዚሁም «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚለውን «እኩል አጠቃቀም» ማለት አይገባም፤ እኩልነት መጠንን፣ ፍትሐዊነት የየአገሩን ሁኔታ ያገናዘበ ድርሻን ያመለክታል።

6. ሀብት፣ ክምችትና እምቅ

የተፈጥሮ ሀብትን በሚመለከት ሦስት ደረጃዎች በአንድ ቃል ሲደባለቁ ይታያል። በመሬት ውስጥ መኖሩ የታወቀ ወይም በጥናት የተገመተ ማዕድን አለ። ከዚህም መካከል በዛሬው ዋጋና ዘዴ አትራፊ ሆኖ ሊወጣ መቻሉ የተረጋገጠ ክፍል አለ። በመጨረሻም በእጅ የገባው ምርት አለ። በማዕድን ሙያ የመጀመሪያውና ሁለተኛው በጥብቅ የሚለዩ ሲሆን፣ በአማርኛ ዘገባዎች ሁለቱም «ክምችት» ተብለው ሲቀርቡ ይታያል።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የአገራችን ማዕድናት ያስረዳሉ። በኦጋዴን ካሉብና ሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ይሁን እንጂ ለአሥርተ ዓመታት ሳይመረት ቆይቷል። የዳሎል ፖታሽ ከ100 ዓመት በፊት የታወቀ ነው። የባሕር ጠረፍ የሌለው አገር በተለይ ይህን መለየት አለበት፤ ምክንያቱም ከባድና ብዙ ቦታ የሚይዝ ማዕድን እስከ ጎረቤት አገር ወደብ የሚጓጓዝበት ወጪ፣ ሀብቱን ለምርት የበቃ ወይም ያልበቃ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ለጠቅላላው «የማዕድን ሀብት»፣ ለተረጋገጠው ክፍል «ለምርት የበቃ ክምችት» ብንል አንባቢው በመሬት ውስጥ ያለውንና በሒሳብ የሚያዘውን ለይቶ ያውቃል።

«እምቅ» የሚለው ቅጽልም ከዓረፍተ ነገር ሲወድቅ ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጠራል። የኢትዮጵያ የውኃ ኃይል ብዙ ጊዜ 45,000 ሜጋ ዋት እየተባለ ይጠቀሳል፤ ይህ እምቅ አቅም ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አለው፤ ይህ ደግሞ የተተከለ አቅም ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በእርግጥ የሚመነጨው ኃይል ከሁለቱም የተለየ ሲሆን የሚለካውም በሌላ መስፈርት፣ በዋት ሰዓት ነው። እምቅ፣ የተተከለና የመነጨ የሚሉት ሦስት ቃላት ከቁጥሩ ጋር አብረው ካልሄዱ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ ከተመረመሩት መካከል ለአሠራር የሚቀርቡት የሚከተሉት ናቸው፦

የባሕር ጠረፍ የሌለው (አገር)፦ ወሰኑ በየትኛውም በኩል ከባሕር የማይገናኝ፤ በሕግ ጽሑፍ።
በየብስ የተከበበ (አገር)፦ ለዚሁ ጽንሰ ሐሳብ፤ በመልክዓ ምድር ጽሑፍ።
የባሕር መዳረሻ፦ ጠረፍ የሌለው አገር በሌላ አገር ግዛት አልፎ ከባሕር የሚደርስበት መብት ወይም መንገድ።
የባሕር ጠለል፦ ከፍታ የሚለካበት የውኃ ላይኛ ገጽ።
የባሕር ወለል፦ ከባሕር ውኃ ሥር ያለው መሬት።
ደጋማ፣ ቆላማ፦ ለሰፊው የከፍታ ክፍፍል፤ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ለቀጠናዎቹ ብቻ።
ደረቅ በረሃ፦ በዝናብ ማነስ የሚፈታ በረሃ።
ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተፋሰስ፦ እንደ ስፋታቸው ቅደም ተከተል።
ውኃ ከፋይ ሸንተረር፦ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለይ ከፍታ።
ዝግ ተፋሰስ፦ ውኃው ወደ ባሕር የማይወጣ ተፋሰስ።
የውኃ ዋስትና፦ ለኑሮና ለምርት የሚበቃ ውኃ የማግኘት መተማመኛ።
ለምርት የበቃ ክምችት፦ ከማዕድን ሀብት ውስጥ አትራፊ ሆኖ ሊወጣ መቻሉ የተረጋገጠው ክፍል።

ከእነዚህ ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ ቃላት አይደሉም፤ በቋንቋው ውስጥ ያሉ ቃላት ድንበራቸው ተለይቶ የቀረቡ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው አማርኛ በዚህ የሙያ መስክ የጐደለው ቃል ሳይሆን በቃላቱ መካከል ያለው ወሰን መሆኑን ነው። ተርጓሚው አዲስ ቃል ለመፍጠር ከመነሣቱ በፊት ያለው ቃል ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት ቢመረምር፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጂውም በእያንዳንዱ ስያሜ ሥር አቻውን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱን ቢጽፍ፣ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የተዘረጉ እንጂ የመጨረሻ ብያኔ አይደሉም፤ በመልክዓ ምድር፣ በማዕድን፣ በውኃና በሕግ ሙያ የተሰማሩ አንባብያን በየሥራቸው ፈትነው የሚሰነዝሩት አስተያየት ያጠናክራቸዋል ወይም ይተካቸዋል።